የቤትዎን አሮጌ ክራር እንደገና ያናግሩት

ብዙ የከተማ ቤት ውስጥ አንድ ዝም ያለ ክራር አለ። ሳሎን ግድግዳ ላይ ከምርቃት ፎቶዎች አጠገብ ተሰቅሎ፣ ቁም ሳጥን ላይ ከሻንጣ ጀርባ ተጋድሞ፣ ወይም ዕቃ ቤት ውስጥ በጆንያ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። አንዳንዱ አያት ከገጠር ሲመጡ ይዘውት የመጡት ነው። አንዳንዱ ደግሞ አባት በወጣትነታቸው በቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ይጫወቱበት የነበረ ነው። ዛሬ ክሩ ተበጥሷል፣ ቆዳው ላልቷል፣ አቧራ ለብሷል።

እንዲህ ያለ ክራር ከሁለት አንዱ ይደርስበታል። ወይ ማንም ሳይነካው ቆዳው እስኪሰነጠቅ ይቆያል፤ ወይ በዓል ሲደርስ ከቤቱ ዕቃ ጋር አብሮ ይታጠብና ቫርኒሽ ይቀባል። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ጉዳት ያደርሳል። ደስ የሚለው ነገር፣ ክራር አሠራሩ ቀላል የሆነ መሣሪያ ነው። አብዛኛው ሥራ በለስላሳ ብሩሽ፣ በጥጥ ጨርቅና በትዕግሥት፣ በሁለት ቅዳሜና እሑድ ቤት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

ዓላማችን ክራሩን አዲስ ማስመሰል አይደለም፤ እንደገና እንዲሰማ ማድረግ ነው። ለዚህ ደግሞ ከብሩሹም ከጨርቁም በላይ አንድ ነገር ያስፈልግዎታል፦ የክራሩን ድምፅ የሚያውቅ ጆሮ። ያ ጆሮ ቤትዎ ውስጥ ካለ፣ ሥራውን ለሚመጣው ዓመት አያሳድሩት።

መጀመሪያ ባለቤቱን ይጠይቁ

ክራር ዝም የሚለው ሁልጊዜ ክሩ ስለተበጠሰ አይደለም። ባለቤቱ ሐዘን ደርሶባቸው ሰቅለውት ሊሆን ይችላል። በወጣትነታቸው ተቆጥተዋቸው ትተውትም ይሆናል። ዛሬ የካሳ ተሰማን፣ የሜሪ አርምዴን፣ የአስናቀች ወርቁን ክራር በኩራት እናዳምጣለን፤ ቀደም ባለው ዘመን ግን ልጅ ክራር ይዞ ሲታይ “አዝማሪ ሊሆን ነው” ብሎ የሚያዝን ቤተሰብ ብዙ ነበር። ስለዚህ ክራሩን ከማውረድዎ በፊት አጠገባቸው ቁጭ ብለው ይጠይቁ። “አባባ፣ ይህን ክራር ብናጸዳው ቅር ይልዎታል?” ማለት ይበቃል። እሺ ካሉ፣ ማን እንደሠራው፣ ጅማት ነበረው ወይስ ናይለን፣ በየትኛው ቅኝት ይጫወቱበት እንደነበር ይጠይቁ። መልሱን በስልክዎ ይቅረጹ።

ይህን ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ጓደኛዬ ቤት፣ ልጆቹ አያታቸውን በልደታቸው ቀን ሊያስደስቱ ክራራቸውን በድብቅ ወስደው ለአንድ የቤት ዕቃ ሠሪ ሰጡት። እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ቆዳው ሳይቀር ቫርኒሽ ተቀብቶ፣ እያብረቀረቀ መጣ። አባባ ተቀብለው መረቁ። ከዚያ ግራ እጃቸውን ለዓመታት ያሳርፉበት ወደነበረው ቦታ ሰደዱት። በእጃቸው ላብ የጠቆረው፣ በአንጓቸው ልክ የጎደጎደው ቦታ ተፍቆ ጠፍቷል። አንድ ጊዜ ገረፍ አደረጉትና “ደርቋል” ብለው በቀስታ አስቀመጡት። ቀኑን ሙሉ ስለ ክራሩ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ከዚህ ቤት የምንማረው አንድ ነገር አለ። ቆሻሻ የሚመስለን ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። እጅ ያለሰለሰው እንጨት፣ በቢላ የተቀረጸ ስም፣ በቀንበሩ ላይ የታሰረ ጨሌ ወይም ዛጎል የክራሩ አካል ነው። አቧራው ይሂድ፤ የእጁ ምልክት ይቆይ።

ሳይነኩ ይዩት

ክራርን ለማያውቁ ክፍሎቹን ባጭሩ እናስተዋውቅ። ከታች ቆዳ የለበሰው ጎድጓዳ ክፍል ገበቴው ነው። ከእንጨት የተቀረጸ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ደግሞ የብረት ሳህን ናቸው። ከገበቴው ሁለት ቋሚዎች ይነሣሉ፤ ከላይ የሚያገናኛቸው አግዳሚ ቀንበር ይባላል። ክሮቹ ከገበቴው ግርጌ ተነሥተው፣ ቆዳው ላይ በቆመችው ትንሽ እንጨት፣ በብርኩማው ላይ አልፈው፣ ቀንበሩ ላይ ይጠመጠማሉ። እዚያም በጨርቅ ወይም በጠፍር መጠምጠሚያና በመቃኛ እንጨቶች ይያዛሉ።

ነጭ አንሶላ ያንጥፉና ክራሩን አስተኝተው ከፊት፣ ከጀርባ፣ ከጎን ፎቶ ያንሡት። ክሮቹ ቀንበሩ ላይ በየት በኩል እንደተጠመጠሙና ብርኩማው የት እንደቆመ በቅርብ ያንሡ። ይህን ሥራ ለልጆች ይስጧቸው፤ ይወዱታል፤ ፎቶው ደግሞ መልሶ በመገጣጠም ጊዜ መመሪያ ይሆንዎታል። አንሶላው ላይ የሚወድቀውን ቁራጭ ሁሉ በሳህን ያጠራቅሙ እንጂ አይጣሉ።

የሚያስፈልጉዎት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦ ያልተነከረ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ወይም የሜካፕ ብሩሽ፣ ሁለት ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ የጆሮ ጥጥ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ እርሳስና ወረቀት።

ክሮቹን ያላሉ፣ አይቁረጡ

የተወጠረ ክር በመቀስ አይቆረጥም። ክራሩን አስተካክሎ የያዘው የክሮቹ ውጥረት ስለሆነ፣ በአንድ ጎን በድንገት ሲለቀቅ ቋሚዎቹ ይጣመማሉ፤ ያረጀ ቆዳም ሊቀደድ ይችላል። ከመጀመሪያው ክር ጀምረው ትንሽ ያላሉ፤ ወደ ሁለተኛው ይለፉ፤ እስከ መጨረሻው ደርሰው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምሩ። ሁሉም ሲላላ ቋሚዎቹ ወዘወዝ ቢሉ አይደንግጡ። በብዙ ክራሮች ላይ ቋሚዎቹ በቆዳው ቀዳዳ ገብተው በክሮቹ ጉልበት የሚቆሙ ናቸው፤ ተመልሶ ሲወጠር ይጸናሉ።

የተፈቱትን ክሮች በቅደም ተከተላቸው ቁጥር ጽፈው ያስቀምጡ። ባይመለሱ እንኳ ውፍረታቸው አዲሶቹን ለመምረጥ ይረዳል። ብርኩማውን ሲያነሡ ቆዳው ላይ የቆመበት አሻራ ይታይዎታል፤ ያንን አሻራ አያጥፉት፤ ተመልሶ የሚቆመው እዚያው ነው።

አቧራና ጥላሸት

በደረቁ ይጀምሩ። በብሩሹ ከላይ ወደ ታች አቧራውን ያርግፉ። ቆዳው ላይ የድምፅ ማውጫ ቀዳዳዎች ካሉ፣ ክራሩን ወደ ታች ደፍተው በቀስታ መታ መታ ቢያደርጉት የውስጡ አቧራ ይወጣል። የሞተ በረሮና የሸረሪት ድር ከመሃል ቢወጣ አይግረምዎት።

እንጨቱ የኩሽና ጥላሸት ከጠገበ፣ ጨርቁን ነክረው ጠብ እስከማይል ድረስ ይጭመቁትና ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዙ ይጥረጉ፤ ወዲያው በደረቁ ጨርቅ ያድርቁ። ጨርቁ ጥቁር መሆኑን ሲያቆም ይብቃዎት። ለጠበበው ቦታ የጆሮ ጥጥ ይጠቀሙ። በረኪና፣ የዕቃ ሳሙና፣ የጫማ ቀለምና የቤት ዕቃ ማወልወያ እዚህ ቦታ የላቸውም። ገበቴው የብረት ከሆነና ከውጭ ዝጎ ከሆነ፣ በደረቅ ቀጭን የብረት ሱፍ ዝገቱን ብቻ ፈቅፍቀው በጨርቅ ያንሡት፤ ዱቄቱ ቆዳው ላይ እንዳይቀመጥ ግን ቆዳውን በወረቀት ይሸፍኑ።

ክረምቱን በጨለማ ያሳለፈ ክራር ነጭ ሻጋታ ሊይዝ ይችላል። አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ውጭ ያርግፉት፤ ከዚያ ነፋስ ባለበት ጥላ ለጥቂት ቀናት ያቆዩት። ፀሐይ ላይ ግን አያስጡት።

ቆዳው፦ ዋናው ነገር

የክራር ቆዳ ያልለፋ ጥሬ ቆዳ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የፍየል ወይም የበግ። እንደ ጫማና እንደ ቦርሳ ቆዳ በፋብሪካ የለፋ ስላልሆነ ከአየሩ ጋር ይኖራል። በክረምት እርጥበት ስቦ ይላላል፣ ድምፁ ይወፍራል፤ በበጋ ደርቆ ይወጠራል፣ ድምፁ ይቀጥናል። ስለዚህ በነሐሴ የላላ ቆዳ አይተው ተበላሽቷል ብለው አይፍረዱ፤ ጥቅምትን ይጠብቁት።

ቆዳው ላይ ውሃ አይነካም። ቅቤ፣ ቫዝሊንና ዘይትም አይቀቡት። ቅባት ጥሬ ቆዳን ያለሰልሰዋል፤ የለሰለሰ ቆዳ ደግሞ አይጮህም፤ በዚያ ላይ ነፍሳትን ይጠራል። ቫርኒሽ በተቃራኒው ያደርቀዋል፤ እንደ ልቡ እንዳይርገበገብም ይይዘዋል። ምድጃ ወይም ሂተር አጠገብ ማድረቅም እንዲሁ ነው፤ በፍጥነት የደረቀ ቆዳ ከጠርዙ ይሰነጠቃል።

ከብርኩማው የራቀች፣ ከጥፍር የማትበልጥ ቅዳጅ ቤት ውስጥ ልትያዝ ትችላለች። የስንዴ ዱቄት በጥቂት ውሃ አብስለው ወፈር ያለ ማጣበቂያ ይሥሩ፤ ቀጭንና ጠንካራ ወረቀት ከቅዳጁ ሰፋ አድርገው ቆርጠው በስሱ ይለጥፉበት፤ በጥላ ይድረቅ። ይህ ማጣበቂያ ጥሩነቱ፣ ነገ ባለሙያ ላንሣው ቢል በትንሽ እርጥበት የሚለቅ መሆኑ ነው። ሱፐር ግሉ ግን እንደ ድንጋይ ይደርቅና ቆዳው ከጎኑ እንዲቀደድ ያደርጋል።

ቅዳጁ ከብርኩማው ሥር ወይም ከጠርዙ ከሆነ፣ ወይም ቆዳው እንደ ደረቅ ቅጠል የሚሰበር ከሆነ መለወጥ አለበት፤ ያ ደግሞ የክራር ሠሪ ሥራ ነው። ሠሪው ፀጉሩ የተነሣለትን ቆዳ ውሃ ውስጥ አቆይቶ፣ ርጥቡን ገበቴው ላይ ወጥሮ፣ በጠፍር ከጀርባ ይጠፍረዋል። ቀስ ብሎ በጥላ ይደርቃል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ክር አይወጠርበትም። ስለዚህ “ለነገ ይድረስልኝ” ብለው አያጣድፉት፤ ከተቻለም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ይውሰዱት። አሮጌውን ቆዳም ተቀብለው ያስቀምጡ።

ነቀዝ ካለ

እንጨቱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ ክብ ቀዳዳዎች ካዩ ክራሩን በነጭ ወረቀት ላይ ለጥቂት ቀናት ያቁሙት። ወረቀቱ ላይ አዲስ የእንጨት ዱቄት ካልወደቀ ነቀዙ የቆየና የሞተ ሊሆን ይችላል። ዱቄት ከወደቀ ግን ሕያው ነው፤ ከሌላው የእንጨት ዕቃ ይለዩት። ፍሊት መንፋት ቆዳውንም ልጆችንም ይጎዳል። ትልቅ ፍሪዘር ካለዎት፣ ክሮቹ የላሉትን ክራር በጨርቅ ጠቅልለው፣ በፕላስቲክ አሽገው፣ አየሩን አውጥተው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በቀዘቀዘ ሁኔታ ለ2 ሳምንት ያቆዩት። ሲያወጡት ፕላስቲኩን ወዲያው አይክፈቱት፤ አንድ ቀን ሙሉ የክፍሉን ሙቀት ይልመድ፤ አለበለዚያ ጤዛው ቆዳው ላይ ያርፋል። ሙዚየሞችም የእንጨትና የቆዳ ዕቃን ከነፍሳት ለማጽዳት ቅዝቃዜን ይጠቀማሉ። ክራሩ ቀድሞ የተሰነጠቀ ወይም በሙጫ የተጠገነ ከሆነ ግን ቤት ውስጥ አይሞክሩት፤ ለባለሙያ ያሳዩት።

ክርና ቅኝት

ድሮ ክር ማለት የበግ አንጀት ጅማት ነበር። ዛሬ ናይለን ይበዛል፤ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን በተለያየ ውፍረት ስለሚገኝ ብዙዎች እሱን ይጠቀማሉ። የጊታር የብረት ክር የሚሠራባቸው ክራሮችም አሉ፤ ነገር ግን ለጅማት ወይም ለናይለን በተሠራ አሮጌ ክራር ላይ አይወጥሩት። ብረት የበለጠ ውጥረት ስለሚፈልግ ቀንበሩን ያጎብጣል፣ ብርኩማውንም ቆዳው ውስጥ ያሰምጠዋል። ቀንበሩ ላይ ያለው የመጠምጠሚያ ጨርቅ ከበሰበሰ ሻከር ባለ ንጹሕ የጥጥ ቅዳጅ ይለውጡት፤ ክሩን ሳያንሸራትት ይይዛል። ሙጫ አያስፈልገውም።

ክራር 5 ወይም 6 ክር አለው። ባለ 6 ክሩ ላይ አምስቱ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፤ ስድስተኛው ከአምስቱ አንዱን በወፍራሙ ወይም በቀጭኑ ይደግማል። ሲወጥሩ በአንድ ቀን አይጨርሱ። በመጀመሪያው ቀን ክሮቹ መርገብ እስኪያቆሙ ብቻ፣ በሁለተኛው ቀን ድምፅ እስኪሰጡ፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ቅኝቱ ያምጧቸው። ቆዳውና ቋሚዎቹ ውጥረቱን ቀስ ብለው ይልመዱ።

ከዚህ በኋላ ነው ያ ጆሮ የሚያስፈልገው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚሉትን ስሞች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። የስልክ መቃኛ መተግበሪያም የድምፆቹን ርቀት ሊያሳይዎ ይችላል። ነገር ግን ክራር እንደ ፒያኖ አንድ የተቆረጠ ከፍታ የለውም፤ የሚቃኘው በሚዘፍነው ሰው ድምፅ ልክ ነው። የአባባ ክራር ትክክለኛ ቅኝት ያለው አባባ ጉሮሮ ውስጥ ነው። ጣታቸው ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም፤ ልጅ መቃኛውን ያዙር፣ እሳቸው ይስሙ። “ትንሽ ጨምር… አለፈ፣ መልሰው… በቃ፣ እዚያ ተወው” ይላሉ። ይህን ቅኝት ከየትም ገዝተው አያመጡትም። ጆሯቸው እየደከመ ከሆነ ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ እንዳይሰሙ ክራሩን ቀረብ ያድርጉላቸው። ሲያንጎራጉሩም ቅረጹ፤ ለወደፊቱ መቃኛዎ ያ ቅጂ ይሆናል።

ባለቤቱ በሕይወት ከሌሉ፣ የድሮ የቤተሰብ ካሴት ወይም የሠርግ ቪዲዮ ይፈልጉ፤ እኩዮቻቸውንም ይጠይቁ። ካልተገኘ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩ ወይም በባህል ምሽት ቤቶች የሚጫወቱ የክራር ተጫዋቾች በአንድ ከሰዓት በኋላ ቃኝተው ሊያሳዩዎት ይችላሉ።

መሰንቆ ወይም በገና ከሆነስ?

የጽዳቱ ሕግ አንድ ነው፤ ቆዳው በደረቅ፣ ክሩ ቀስ በቀስ። መሰንቆ ላይ ክሩም የመምቻው ደጋንም የፈረስ ጭራ ነው፤ ጭራው በዕድሜ ስለሚሰባበር ሁለቱንም አብሮ ማስለወጥ ይሻላል፤ ድምፅ እንዲይዝም ሙጫ ይታሻል። በገና 10 አውታር አለው። ብርኩማው ላይ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር ያሉትን ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች፣ እንዚራዎቹን፣ ቆሻሻ መስለዋችሁ እንዳትጥሏቸው። ያ የበገና እዝታ የሚመጣው ከእነሱ ነው።

ከጸዳ በኋላ የት ይቀመጥ?

ከምድጃ፣ ከመስኮት ፀሐይና ላብ ከሚያወጣ የውጭ ግድግዳ ያርቁት። ፕላስቲክ ውስጥ አያሽጉት፤ ይሻግታል። የጥጥ ከረጢት ሰፍተው ውስጥ ያስገቡት ወይም በውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይስቀሉት። ለወራት የማይነካ ከሆነ ክሮቹን ትንሽ ያላሉላቸው። አይጥና በረሮ ጥሬ ቆዳና ጅማት ስለሚበሉ መሬት ላይ አይተው።

ውጭ አገር ላለ ልጅ የሚላክ ከሆነ ክሮቹ ላልተው፣ ብርኩማው ተነሥቶ ይጠቅለል። ጥሬ ቆዳ ስላለበት የተቀባዩ አገር ጉምሩክ ምን እንደሚል አስቀድመው ይጠይቁ፤ ዕድሜ ያለው ከሆነም ከአገር ለማውጣት ከቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ ሊጠየቁ ይችላሉ። ክረምቱን በማሞቂያ የሚያሳልፍ ቤት ውስጥ አየሩ በጣም ስለሚደርቅ ከማሞቂያው ራቅ ተደርጎ ይቀመጥ።

በመጨረሻ፣ በትንሽ ወረቀት ላይ የሠሪውን ስም፣ የባለቤቱን ስም፣ የተጸዳበትን ቀንና የተቃኘበትን ቅኝት ጽፈው ከረጢቱ ውስጥ ያስገቡ። ከዚያ ከቤቱ ልጆች አንዱን ይምረጡና በየሳምንቱ እሑድ ክራሩን እንዲቃኝ ኃላፊነት ይስጡት። መጀመሪያ ላይ ያበላሸዋል፤ አባባም ከወንበራቸው ሆነው “ኧረ ልጄ፣ ሦስተኛዋ ላልታለች” ይሉታል። እርማቱን የሚሰጡት እሳቸው ሳሉ ይማር።